የሁለተኛ አመልካች አድራሻ

ያስገቡኝ ቀን ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቤቱ ድሮ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ሽንኩርቱ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ግድግዳው አልረሳውም፤ ቀትር ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል ሽታው ከሲሚንቶው ውስጥ ይነሳና ዓይን ያቃጥላል። በዚህ ምክንያት እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ዓይኑን ሲጠርግ ምን ሆንክ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

የታሰርኩት በግጥም ነው። ቀን ፋብሪካ እሠራለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ። በሰፈራችን ስለደረቀው ቧንቧ ጽፌ አንድ የወጣቶች ዝግጅት ላይ አነበብኩት፤ አንዱ በስልኩ ቀረጸው። መርማሪው ጠርቶ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር።

«ቧንቧው ማን ነው?»

«ቧንቧ ነው።»

«ቧንቧ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ማን ነው?»

ክስ አልተመሠረተብኝም፤ ዳኛ ፊት አልቀረብኩም። ሚስቴ በየቢሮው እየዞረች ስትጠይቅ «እኛ ጋ የለም» ይሏታል። የምታመጣውን ምግብ ግን በሩ ላይ ይቀበሏታል። የለም የተባለው ሰው በየቀኑ ሩዝ ይበላ ነበር።

አንድ ጠዋት ጠባቂው ጠርቶ ወደ በሩ ወሰደኝ። ሚስቴ ከፍርግርጉ ማዶ ቆማለች። ከገባሁ ወዲህ በዓይኔ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከስታለች፤ ፀሐዩ ፊቷን አክስሎታል። በአንድ እጇ ምሳ ዕቃውን፣ በሌላው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች።

«ከሥራ አገዱኝ» አለች፣ ሰላምታው ሳያልቅ። «ባልሽ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አንመልስሽም አሉኝ። አከራያችንም አስወጣኝ፤ ለመፈተሽ ሲመላለሱበት ፈራ። አባቴ ጋ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንፋታ።»

ጠባቂው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሳቀ። እኔ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «የወረቀት ነው የእውነት?»

«እኔ እንጃ» አለች። «እሱን መለየትም ደከመኝ። ስምህ ከስሜ ጋር እስካለ ድረስ ግን እኔም ታስሬያለሁ።»

ሁሉንም ጠይቃ ነው የመጣችው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው መንገዱ ሁለት ነው ብሏታል። ሁለታችን ከተስማማን በጋራ እናመለክታለን፤ ዳኛ ፊት ስንቀርብ በፈቃዳችን መሆኑን ይጠይቀናል፤ ካመነበት ያጸድቀዋል። አንደኛው እምቢ ካለ ግን ሌላው ለብቻው ይከሳል፤ ያኔ ሽማግሌ አለ፣ የማሰላሰያ ጊዜ አለ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ አለ።

«ቀጠሮውን አልችለውም» አለችኝ። «እስከ ነገ አስብበት።»

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። አጠገቤ የሚተኛው የመጋላ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሐጂ ነበር የምንለው፤ ሐጅ አልሄደም፣ ስሙን ያሰጠው ጢሙ ነው። ነገሩን ስነግረው ተነስቶ ተቀመጠ።

«እኔ ሁለቴ ፈትቻለሁ። አንዴ በሸሪዓ፣ አንዴ በከተማው ፍርድ ቤት። አቦ፣ ማግባቱ ነው ቀላሉ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ፈርም። ዳኛው ፊት ስትቆም ግን እምቢ በል። ‹በፈቃድህ ነው?› ይልሃል። ‹አይደለም፣ ሚስቴን እወዳታለሁ› በለው። ያኔ ሂዱና አስቡበት ይላችኋል፤ ሌላ ቀን ይቀጥራል፤ በቀጠሮው ቀን ይዘውህ ይወጣሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ። ዳኛ እየጠራ የሚያየው ሰው አይጠፋም፣ ወላሂ።»

ከጥግ የባጃጅ ሹፌሩ ጮኸ። «የኔን ጉድ እዩልኝ! ላጤነት እዚህም ይጎዳል? የምፈታት እንኳ የለችኝም!»

ሳቅን። ሳቁ ቶሎ ሞተ። ከመካከላችን አንድ ልጅ እግር አስተማሪ ዕቃህን ያዝ ተብሎ ወጥቶ ነበር፤ የት እንደደረሰ አናውቅም። ያን ሰው አየሁት የሚል ዳኛ የለም። ከዚያ ቤት ወደ ዳኛ የሚያደርስ መንገድ የተገኘው ለእኔ ብቻ ነው፤ መንገዱም በሚስቴ ላይ የሚያልፍ ነበር።

«እሷስ ሐጂ?»

«እሷ ውጭ ናት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ፈረምኩ። መርማሪው ሲሰማ ደስ አለው። «አየህ፣ ሚስትህም ቧንቧው ማን እንደሆነ ገብቷታል» አለኝ። ፍርድ ቤት እንድቀርብም የፈቀደው ለዚህ ይመስለኛል፤ የሰበረኝ መሰለው። አስጠንቅቆኝ ነበር። «ስለ ሚስትህ ብቻ ነው የምትናገረው። አድራሻ ከጠየቁህ የድሮ ቤትህን ነው። ሌላ ብትተነፍስ የምትመለሰው እኔው ጋ ነው።»

የወሰዱኝ በቀን ነው፣ እጄን በካቴና አስረው። በመኪናው መስኮት ድሬን አየኋት። ምንም አልጎደለባትም። ሰው በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫት ይገዛል፤ አንዷ ሴት ከባጃጅ ሹፌር ጋር በሦስት ቋንቋ ትጣላለች። ይህ ነገር ከካቴናው በላይ አመመኝ። መንገዱን ሙሉ «አይደለም» የሚለውን ቃል ስለማመድ ሄድኩ።

ዳኛዋ ሴት ነበረች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች። መጀመሪያ ያየችው እጄን ነው።

«ይሄ ካቴና ምንድን ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለ አንደኛው ጠባቂ።

«ለማን? ለሚስቱ?»

ጠባቂው ወደ ጓደኛው ዞረ።

«ፍታለት። እጁን የታሰረ ሰው ስለ ፈቃዱ አልጠይቅም።»

ፈታልኝ። እጆቼን የት እንደማስቀምጣቸው ጠፋብኝ፤ እንደ ሰው ዕቃ ጭኔ ላይ አኖርኳቸው።

ዳኛዋ ሚስቴን ጠየቀቻት። «በፈቃድሽ ነው? ያስገደደሽ አለ?»

«የለም» አለች። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም ነበር። ያኔ እግሮቿ መካከል ወለሉ ላይ ያለውን አየሁ። ምሳ ዕቃው ነው። ክዳኑ እንዳይከፈት እንደ ልማዷ በጨርቅ አስራዋለች። ከፍርድ ቤቱ ወጥታ ያን ፀሐይ ተሻግራ ወደ መጋዘኑ በር ልትሄድ ነው። ልትፋታኝ ስትመጣ ምሳዬን ይዛ ነው የመጣችው።

ሐጂ ውጭ ናት ያላት ይህችን ነው።

«አንተስ?» አለች ዳኛዋ።

ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ብናገረው ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ መኪና፣ ሌላ መስኮት አገኝ ነበር። ሚስቴ አላየችኝም። ጨርቁን ነበር የምታየው።

«በፈቃዴ ነው» አልኩ።

«የማሰላሰያ ጊዜ መስጠት እችላለሁ።»

«አንፈልግም።»

ንብረት ተጠየቅን። አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ አንድ የውሃ በርሜል። ሁሉም የእሷ ይሁን አልኩ፤ ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ጻፈችው። ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል ዳኛዋ ማመልከቻውን ገለበጠች።

«የሁለተኛ አመልካች አድራሻ ክፍት ነው። አሁን የት ነው የምትኖረው?»

በስተኋላዬ ጠባቂው ጉሮሮውን ጠረገ። የድሮው ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ ሚስቴ ለዚያ ነበር ቦታውን ባዶ የተወችው። አሁን አየችኝ። ራሷን በጣም በቀስታ ነቀነቀች፣ አትናገር ለማለት።

«ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ድሮ የሽንኩርት መጋዘን በነበረው ቤት» አልኩ። «ክስ የለብኝም። እዚያ ታስሬ ነው ያለሁት።»

የኮምፒውተሩ ድምፅ ቆመ። ጸሐፊዋ ዳኛዋን አየች፣ ጠባቂውን አየች። ከዚያ እንደለመደችው «የቤት ቁጥር?» አለች።

«የለውም።»

ዳኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «እንዳለው ጻፊው» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ካቴናውን መልሰው ሲያስሩብኝ ሚስቴ ተጠጋች። ሚስቴ አልነበረችም፤ ሌላ ምን ብዬ እንደምጠራት አላውቅም።

«ምሳህ» አለች።

ምሳ ዕቃውን በታሰሩ እጆቼ ያዝኩት። አሁንም ይሞቃል።

ስመለስ የሆነውን አልጽፍም። ሐጂ እግሬን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገልኝ «እምቢ አልክ አይደል?» አለኝ።

«እሺ አልኩ።»

«አቦ ገጣሚ!» አለና ሰደበኝ። እየሰደበኝ መጥረጉን አላቆመም።

በማግስቱ ምግብ አልመጣልኝም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። ሐጂና የባጃጅ ሹፌሩ ከየሳህናቸው ያካፍሉኝ ነበር። ዳኛዋ ስለ እኔ ለማንም ጽፋ እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። ቀትር ሲሆን በሩን አያለሁ። ሽታው ይነሳል። ዓይኔን እጠርጋለሁ።

አንድ ቀን ሂድ አሉኝ፤ ወረቀት አልሰጡኝም። ሐጂ ከእኔ በኋላም እዚያው ነበር። አሁን የት እንዳለ አላውቅም።

እሷ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። አንዳንዴ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር እንገናኛለን፤ እናቴን ትጠይቀኛለች፣ አባቷን እጠይቃታለሁ። ያኔ አንፈልግም ያልኩትን የማሰላሰያ ጊዜ አሁን ብቻዬን እየፈጸምኩት ነው።

ባለፈው ወር ወደ ፋብሪካው ሄጄ ሥራዬን መልሱልኝ አልኩ። የሰው ኃይል ክፍሏ ልጅ ከሥራ የቀረሁት ታስሬ ከሆነ ማስረጃ አምጣ አለችኝ። የሄድኩበት ቢሮ ሁሉ «እኛ ጋ አልነበርክም» አለኝ። ተመልሼ ያለኝን አንድ ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት ያስገለበጥኩትን፣ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት።

ገና ማንበብ ስትጀምር ቀና አለች። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የፍቺ ውሳኔ ነው።»

«አዎ፣ እህቴ። የሁለተኛ አመልካችን አድራሻ አንብቢው።»

አነበበችው። ከዚያ ተነስታ የቢሮውን በር ዘጋችና እንደገና አነበበችው።