አክስቴ ዋስ የሆኑባት መኪና

ሻጩ ቁልፉን ሰጥቶኝ «ነድተሽ ሞክሪያት» ሲለኝ አብሮኝ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ያገለገለች ብትሆንም መኪና ሻጩ ድርጅት ፈትሾ ዋስትና የሰጠባት መኪና ናት፤ ለማያውቀው ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይሰጣል? ከምንኖርበት ከሾርላይን ከተማ አብረውኝ የመጡት አክስቴም ነገሩ አላማራቸውም። «ሂጂ፣ እኔ ዋስ ሆኜ እቀመጣለሁ» ብለው ሻጩ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስልኬ ያለበትን ቦርሳዬንም ታቀፉት።

ሐሳቤ ሰፈሩን አንዴ ዞሬ ለመመለስ ነበር። መሸጫው ያለበትን የፌደራል ዌይን ከተማ ስለማላውቀው ግን መስመር ሳትኩና ፍሪዌይ የሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ወጣሁ። በግራም በቀኝም የጭነት መኪና ነው። መውጫው አመለጠኝ፤ ቀጣዩም አመለጠኝ። ፖሊስ አስቁሞ የማን መኪና ናት ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ይዛ ጠፋች ብለው አክስቴን ቢይዙብኝስ? እንግሊዝኛ እንኳን አይችሉ። ዝናቡ ሲጀምር የመስታወት መጥረጊያው በምን እንደሚበራ ጠፋኝ፤ የማውቀውን መልአክ ሁሉ ጠራሁ።

እንደምንም ዞሬ ተመለስኩና ወደ ቢሮው ገባሁ። ሻጩ ስልኩን እያየ ይስቃል፤ መቆየቴን ልብ ያለውም አይመስል። አክስቴ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላሉም፤ ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«ቁልፉን መልሺለት» አሉኝ በቀስታ። «ከዋስነቴ ልውረድና ሽንት ቤት ልሂድ።»