እድሩ ችሎት የዋለ ዕለት

አዳማ ውስጥ ጥብቅና ከጀመርኩ ወዲህ እንደ መድኃኒት ክስ የሚያናድደኝ ነገር የለም። ስርቆት ሲሆን ሌባ አለ፤ ድብድብ ሲሆን የተፈነከተ አለ። በመድኃኒት ክስ ግን ብዙ ጊዜ ተከሳሹ ጥሩ ሰው ነው፤ ጥሩ ሰው ደግሞ ለጠበቃ አይመችም። ጥፋተኛ ዝም ማለት ያውቃል። ጥሩ ሰው "እውነቱን ልናገር" ብሎ ይነሳና በገዛ አፉ ራሱን አስሮ ይቀመጣል።

ደንበኛዬ እማማም የታሰሩት እንዲሁ ነው። ባለቤታቸው በካንሰር ብዙ ተሠቃይተው ነው ያረፉት። ሐኪም ያዘዘላቸው ትራማዶል የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ብዙ እሽግ ተርፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወገቡን ያመመው ጎረቤት፣ ጥርሱ እንቅልፍ የነሳው ዘበኛ፣ ሁሉም ወደ እማማ ቤት ጎራ ማለት ለመደ። ደራ ከተማ ያሉት ታናሽ እህታቸው ወድቀው ዳሌያቸውን ሲሰበሩ እማማ የቀረውን ክኒን ጠቅላላ በፌስታል ቋጠሩ። ዘንቢላቸው ውስጥ ከፓፓያው ሥር ሸጎጡትና ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ ፍተሻ ነበር። ፖሊሱ ፌስታሉን አወጣ።

"እማማ፣ ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ለማን የሚሄድ ነው?"

"ላመመው ሁሉ ነዋ! ምነው፣ አንተንም ያምሃል እንዴ?"

ይህች መልስ ቃል በቃል ክሱ ውስጥ ገባች። ቁጥጥር የሚደረግበትን መድኃኒት ያለ ፈቃድ ለመሸጥ ይዞ መገኘት ተባለ፤ ከተረጋገጠ ለዓመታት የሚያሳስር ነው። ዋስትናም ተከለከሉ፣ ስልካቸውም በኤግዚቢትነት ተያዘ። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ክሱ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

"የኔን ተዪው ልጄ። እህቴ እኮ ረሳችኝ ብላ ነው የምትተኛው። በዚያ ሕመም ላይ!"

የሰፈሩ ሰው ለታመመ ክፉ ወሬ አይነገርም ብሎ ተማክሮ ለእህትየው ስልክ ደውሎላቸው ነበር። "ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም" ነው ያሏቸው። እማማ ይህን ስነግራቸው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። ሴትዮዋ መድኃኒቱን ይዘዋል፣ ይህን ልክድ አልችልም። አልሸጡም ግን። መሸጡ ከወደቀ የሚቀረው ክስ ቀለል ያለ ነው። ሁለት ምስክር መረጥኩ። አንደኛው የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑት የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። ሁለተኛዋ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያመጣች የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት። ሁለቱንም ቢሮዬ ጠርቼ ጣቴን እየቀሰርኩ አስጠነቀቅኳቸው። "የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ። እውነቱን፣ ግን ባጭሩ። ንግግር የለም።" ሁለቱም በጣም የተረዱ መስለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የቀጠሮው ዕለት ፍርድ ቤቱ ግቢ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እድሩ በሙሉ መጥቷል። ጥሩንባ ተነፍቶ "ችሎት ያልተገኘ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል" ተብሎ ተነግሯል አሉ። የእድሩን አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ተሸክመው ዛፉ ጥላ ሥር ደርድረዋል፤ የቀረ ድንኳኑ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

"ለቅሶ ነው እንዴ የመጣችሁት?" አልኳቸው ሰብሳቢውን።

"የኔ ልጅ፣ ለሞተ ሰው ሁልጊዜ እንወጣለን። በሕይወት ላለ ሰው መውጣት ነውር ነው?"

ያን ያህል ሰው ለኔ ይመጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚካሄደው፤ ሰብሳቢው ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻቸው ነው የሚናገሩት። ቃለ መሐላ ፈጸሙ። እኔም "ተከሳሿን ያውቋቸዋል?" ብዬ ጀመርኩ። አዎ እንዲሉ ነበር የምጠብቀው።

"አውቃቸዋለሁ ወይ? የሰፈራችን ሐኪም እኮ ናቸው!"

በዓይኔ ልገታቸው ሞከርኩ። ሰብሳቢው ግን ገና መጀመራቸው ነበር። ወገባቸውን እንዴት እንዳዳኑላቸው፣ የዘበኛውን ጥርስ እንዴት ዝም እንዳሰኙት፣ የትኛውን ጎረቤት ከየትኛው ሕመም እንዳስነሱ፣ አንዱን ከሌላው እያስከተሉ ተረኩት። ከኋላ የተቀመጠው እድርተኛ "ልክ ነው!" እያለ ያጅባል። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው ጸጥ አሰኙ። እማማ ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሆነው በምስጋና አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። እኔ ለዐቃቤ ሕጉ ይህን ያህል የሠራሁለት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ዐቃቤ ሕጉ፣ ገና ወጣት ነው፣ ፊቱ በርቶ ተነሳ።

"ለክኒኑ ስንት ከፈሉ?"

"ምን አልክ?"

"ወገብዎን ሲያምዎ ለወሰዱት ክኒን ስንት ብር ከፈሉ?"

ሰብሳቢው ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞሩ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይሄ ልጅ ሰው ፊት እየሰደበኝ ነው። ብር ከኪሴ ባወጣ እኮ ደጃፋቸውን ዳግመኛ አልረግጥም ነበር! መድኃኒቱን የሰጡኝ ባዶ ሆድ አይሆንም ብለው ገንፎ አብልተውኝ ነው።"

የሽንኩርት ነጋዴዋ ደግሞ ባሰች። እሷም የምታውቀውን ሁሉ ዘረገፈች። ክፍያ ስትጠየቅ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንዲህ አለች።

"አንዴ ለምስጋና ብዬ ሽንኩርት ባደርስላቸው እስከ ቤቴ ተከትለው መለሱልኝ። 'ነጋዴ ልታደርጊኝ ነው?' ብለው ስንት ቀን አኮረፉኝ። እኔ ነኝ ነጋዴዋ! እሳቸው ትርፍ የሚባል ነገር ከየት ያውቁና?"

ዳኛዋ ወረቀታቸው ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ሲስቁ ይመስለኛል። እኔ ሌላ ጥያቄ የለኝም ብዬ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን የሠራሁት ብልህ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ፍርዱ የተነበበ ቀን እድሩ እንደገና መጣ። መሸጥ አልተረጋገጠም ተባለ። ዳኛዋ ግን ቀና ብለው መጀመሪያ እማማን፣ ቀጥለው ወንበሮቹን በሙሉ ተመለከቱ። "ይህ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል። ለአንዱ የታዘዘው ሌላውን ሊገድል ይችላል። እስካሁን ሬሳ ያላነሳችሁት ዕድለኞች ስለሆናችሁ ነው" አሉ። እድርተኛው በሙሉ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ፤ እዚሁ ከተማ በዚሁ ክኒን የጠፉ ልጆችን ወክዬ ቆሜ አውቃለሁና። እማማ በቀለለው አንቀጽ ጥፋተኛ ተባሉ። ክኒኑ ይወገድ፣ ቅጣቱ በእስር የቆዩበት ይበቃል፣ ይለቀቁ ተባለ።

እልልታው ቀለጠ። እማማ በሩ ላይ ሲደርሱ የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ደራ!" እድሩ የመጣበት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ውጭ ቆሟል። እህትየውን አንስተን ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው፣ በወጉ ይታዘዝላቸው ተባለ። እኔም ሌላ ቀጠሮ አለኝ እያልኩ፣ ቦርሳዬን ቀድመው ጭነውት ነበርና፣ ተሳፈርኩ። መንገዱን በሙሉ ተዘፈነ።

አንድ ነገር ብቻ ተረሳ። ሁሉም ሌላው የደወለ መስሎት ለእህትየው ማንም አልደወለላቸውም።

ደራ ስንደርስ መዝፈን ደክሞናል። እንደ ወጉ ጋቢ የለበሱት ሽማግሎች ቀደሙ፣ ነጠላ የለበሱት ሴቶች ተከተሉ። እማማ ጉልበታቸው ከአውቶቡስ ለመውረድ ስላስቸገራቸው ከሁሉም ኋላ ቀሩ። እህትየው ደጃፍ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ቀና ሲሉ ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ጋቢ፣ በዝምታ ወደ እሳቸው ሲመጣ አዩ።

በአገራችን ሰው እንዲህ ሆኖ የሚመጣው ለመርዶ ነው። ሰብሳቢው ነገሩ የገባቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ነው።

"እህቴን! ዋይ እህቴን!"

የእህትየው ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው። ደረታቸውን መደለቅ ጀመሩ። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። የሽንኩርት ነጋዴዋም፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ልማድ ሆኖባት አብራ ማልቀስ ጀመረች።

"ቆይ፣ ማን ሞቶ ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እማማ ሰውን በክርናቸው እየገፉ ወደ ፊት ወጡ።

እህትየው እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

"ጸበል ገብታለች አሉኝ" አሉ እህትየው በመጨረሻ። "ቀዝቃዛ ውሃ ስታይ የምትሸሽ ሴት! ያኔውኑ ነው ሞታለች ብዬ የቆረጥኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ብቻዬን ሳለቅስሽ ነው የከረምኩት።"

"ታስሬ ነው እኮ። መድኃኒቱንም ወሰዱብኝ" አሉ እማማ ፍራሹ ላይ እየተቀመጡ። "እንዲህ እያመመሽ ባዶ እጄን መጣሁ።"

"እሱኑ እጅሽን አምጪው" አሉ እህትየው፣ እጃቸውን ዘርግተው።