አንድ ክኒን ለማስዋጥ እስከ መካነ ኢየሱስ

ወገዳ፣ ሳይነጋ

ከቤት የወጣነው ወፍ ሳይንጫጫ ነው። ልጄ አያልነሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እኔ ከቀደምኩ ቆማ ትቀራለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። መነኻሪያው ውስጥ አንድ ቅጥቅጥ አውቶብስ ጭሱን ይተፋል፤ ረዳቱ "እስቴ! መካነ ኢየሱስ!" እያለ ይጣራል። ታሪፉን አትጠይቁኝ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከከረመ ወዲህ ታሪፍ የሚወጣው ከረዳቱ አፍ ነው።

"ፋዘር፣ ልጅቷ ታስመልሳለች እንዴ? መስኮት ጋ ላርጋት?" አለኝ።

"አታስመልስም። የቀመሰችው ነገር የለም።"

"ጾመኛ ናታ። ትጸልይልን፤ ፍሬኑ ነገር አለው።"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

የምንሄድበትን ልንገራችሁ። ልጄ የስሜት ሕመም አለባት። ወራት ሙሉ ከልክ በላይ ከፍ ትላለች፤ ከዚያ ትወርድና ወራት ሙሉ ትተኛለች። ከፍ ባለች ጊዜ ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ በር ላይ ቆማ ለአላፊ አግዳሚው እየሰፈረች አደለችው። የወሰዱት ሁሉ "ጻድቅ" አሏት፤ የመለሰ ግን የለም። ዛሬ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ "እብዷ" የሚሏት እነዚያው ናቸው። እናቷ አልቻለችውም፤ አርብ ገበያ ከተማ ያሉ ወንድሞቿ ዘንድ ገባች። አልፈርድባትም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው።

ፊደል ያስቆጠረችኝም ይህችው ልጅ ናት። ከፍ ባለችበት ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ሀ ሁን በከሰል ግድግዳው ላይ ጽፋ፣ ካልደገምክ አትተኛም ትለኝ ነበር። ያኔ ጺሜ ሸብቶ ነበር። ያስተማረችኝ ልጄ ትሁን ሕመሟ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

አሁን የወረደችበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ ክኒኑን ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውሃ ብሏል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን የጠዋቱን እንቢ አለች። ክኒን ጾም ያስገድፋል፣ ውሃውም ያስገድፋል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይገባም አለች። ለመንኩ። ጮኽኩ። "የነፍስ አባቴ ካልፈቱኝ አልውጥም" አለች። የነፍስ አባታችን ቄስ ሞላ ደግሞ አርጅተው መካነ ኢየሱስ ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ደውለን እንጠይቃቸው ብላት፣ "በስልክ እግዚአብሔር ይፍታሽ አይባልም" አለችኝ። በዚህ ሰሞን ከአፏ የወጣው ረጅም ቃል ይኸው ነው።

ባለፈው ዓመት ክኒኑ ሲቋረጥ ልጄን ላጣት ጥቂት ነበር የቀረኝ። እንዴት እንደሆነ አልጽፍም። ስለዚህ ተሳፈርን።

መንገድ ላይ፣ ረፋድ

መንገድ ይሉታል እንጂ አቧራና ኮረት ነው። አውቶብሱ ቁልቁለቱን ሲይዝ ጎማው ሥር ድንጋይ ይፈነጠራል። ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ፣ የጭድ ክምር፣ ጭነት የከበዳቸው አህዮች፣ ጥላ የሌለው ባሕር ዛፍ። ሾፌሩ በየመንደሩ ይቆማል፤ ዶሮ ይጫናል፣ ሰው ይወርዳል፣ ዶሮው ይቀራል።

አጠገባችን ጉልበታቸውን እያሹ የተቀመጡ ሴትዮ ልጄን ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ዘወር አሉ።

"ምን ሆና ነው ወንድሜ?"

"አሟታል።"

"ምኗን?"

"ሐሳቧን።"

"ዓይነ ጥላ ነው። ጸበል አላስገባሃትም?"

"አስገብቻታለሁ። ክኒንም ትውጣለች።"

"ሁለቱንማ አንድ ላይ አይሆንም። እሱን ማመን ነው እንጂ።"

"እርስዎ ጉልበትዎን መርፌ ቢወጉ ጸበሉን ይተዋሉ?"

ከኋላ አንዱ፣ "ደረሰብዎ እትዬ" አለ። ሴትዮዋ ራሳቸው ሳቁ። እኔ የአያልነሽን ፊት አየሁ። ድሮ እንዲህ ስናገር አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ መስኮቱን ታያለች። ከመስኮቱ ውጪ የጉና ተራራ ተዘርግቷል፤ እሱንም የምታየው አልመሰለኝም። ከሰው አጠገብ ተቀምጦ ብቻን መሆን እንዲህ ነው።

መካነ ኢየሱስ፣ ከቀትር በኋላ

ቄስ ሞላን ያገኘናቸው ከግቢው ግድግዳ ሥር፣ መደብ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ዓይናቸው ደክሟል። በድምፄ አወቁኝ።

"ደሴ ነህ? ያ ቁጡ?"

"እኔው ነኝ አባ።"

አያልነሽ መስቀላቸውን ተሳልማ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። "አንተ ራቅ በል" አሉኝ። ንስሐ ነው፣ ራቅኩ። አጥር ጥግ ቆሜ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስትናገር ቆየች። ለእኔ አንድ ቃል የነፈገችኝ ልጅ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ሳላውቅ የአጥሩን እንጨት ቅርፊት ስልጥ ቆየሁ።

ሲጠሩኝ አልቅሳ ዓይኗ ቀልቷል።

"ቀኖና ሰጥቻታለሁ" አሉ።

"ስግደት እንዳይሆን አባ። ጉልበት የላትም።"

"ማን ስግደት አለ? ጠዋት ጠዋት እህል ቀምሳ፣ ክኒኗን በሙሉ ጣሳ ውሃ ትውጣ። ሰው ሲጾም እሷ ትብላ። ቀኖናዋ ይህ ነው። ከብዷት አለቀሰች።"

ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ለምኜ ያቃተኝን እርሳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው ጨረሱት። ምስጋናው ከአፌ አልወጣም።

"ላንተም አለኝ" አሉ።

"እኔ ምን በደልኩ?"

"ከዋጠች በኋላ አፏን ታስከፍታለህ አሉ። ምላስሽን አንሺ ትላለህ አሉ።"

"አንዴ ደብቃ አግኝቻለሁ አባ።"

"በቅሎ ሲገዛ ነው ጥርስ የሚታየው። ንገሩልኝ ብላ እሷ ናት ያለችው፣ እኔ አይደለሁም። ከነገ ጀምሮ ተው።"

"ባትውጠውስ?"

መስቀላቸውን በጣታቸው ዳበሱ።

"እሱን እኔም አላውቀውም" አሉ።

ማግስቱን፣ መልስ

ከሰዓት የሚመለስ መኪና ስላልነበረ አልጋ ይዘን አደርን። ጠዋት ዳቦ ገዛሁላት። ግማሹን በላች። ጣሳውን ሞልታ ክኒኑን መዳፏ ላይ አደረገች። ከዚያ አየችኝ። ከወረደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችኝ። እኔም ፊቴን ወደ በሩ መለስኩ። ጣሳው ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ሌላ የሰማሁት የለም። ሰው አንድ ነገር ላለማየት ይህን ያህል እንደሚያልበው አላውቅም ነበር።

"እንሂድ አባዬ" አለች።

አውቶብሱ የትናንቱ ነው፣ አቧራውም የትናንቱ። ዳገቱን ሳንጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ መኪናው ሲንገጫገጭ አፏ ተከፈተ። ጎንበስ ብል ይታየኛል። ክኒኑ ምላሷ ሥር ቢደበቅ እንኳ እስካሁን መሟሟቱን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንገቴ ሊዞር ፈለገ።

ያዝኩት። እስከ ወገዳ ድረስ ማዶ ማዶውን እያየሁ መጣሁ።