የአማቴ ጢምና የሆራ ውሃ

አረፋ ለምን ይሞታል? ይህን ጥያቄ አንድ ክረምት ሙሉ ተሸክሜው ዞሬያለሁ። ሳቁ ከፈለጋችሁ። እኔ ከልጅነቴም አንድ ነገር ካልገባኝ የበላሁት አይረጋልኝም፤ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽ ከጎጃም ወለጋ ይደርሳል» ትለኝ ነበር። እውነትም ደረሰ፤ ነቀምቴ አግብቼ ቀረሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ባሌ የአገሬው ኦሮሞ፣ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበር። አባቱ፣ ማለትም አማቴ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። በቤተ ክርስቲያናቸው ከፊት ወንበር የሚቀመጡ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ቅዳሜ ቅዳሜ ጢማቸውን የሚላጫቸው ባሌ ነበር። ታዲያ ያን ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ባሌ ለሥራ ጊምቢ ተላከ። ጢሙም ምላጩም ለእሳቸው ለብቻቸው ቀረ።

«ገበያ ካለው ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ቢሄዱስ?» ብዬ በጎረቤት አስጠየቅሁ። «ከልጄ በቀር ጉሮሮዬ ላይ ምላጭ ይዞ የሚቆም ሰው አልፈልግም» አሉ፤ አለቀ። እኔ እንዳልላጫቸው ደግሞ በእነሱ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ዓይናቸውን አታይም፣ መንካትማ ጭራሽ አይታሰብም። ለጉ ይሉታል። አምስት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ፊታቸውን በቅጡ አላየሁትም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ስለዚህ የእኔ ድርሻ አረፋው ነበር። ውሃ አሞቃለሁ፣ ሳሙናውን በብሩሽ እመታለሁ፣ አረፋውን በጣሳ አድርጌ ደጃፋቸው ካለው በርጩማ ላይ አስቀምጬ ዞር እላለሁ። እሳቸው በሚንቀጠቀጥ እጅ ትንሽ ይላጫሉ፣ ያርፋሉ፣ ትንሽ ይላጫሉ። አንዱን ጉንጭ ሲጨርሱ ግን በሌላው ላይ ያለው አረፋ ደርቆ ይጠብቃቸዋል። በደረቁ ይልጉታል። ከዚያ ጋዜጣ ቀደው ደሙ ላይ ለጥፈው ይወጣሉ።

ሁለት እሑድ እንዲያ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሦስተኛው ላይ አልሄዱም። አራተኛውም አለፈ። ለሽምግልና የሚጠሯቸው ሰዎች ሲመጡ «አሞኛል በያቸው» ይሉኛል ከጓዳ። ምንም አላመማቸውም! ያ ሁሉ ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌ በጢማቸው አፍረው ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። ሽማግሌ አንዴ ቤት መዋል ከለመደ እንደማይወጣ በአባቴ አይቻለሁ። ባሌ ተመልሶ አባቱን በአልጋ ላይ ያገኛቸዋል ብዬ ፈራሁ።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሳሙናውን ነው። ከዓረቡ ሱቅ ሌላ ገዛሁ፤ ያው። ብሩሹን ጠረጠርኩ፤ ለወጥኩ፤ ያው። በመጨረሻ ጎረቤታችን የነበሩትን ጡረተኛ መቶ አለቃ ጠየቅሁ፤ የሸዋ ሰው ናቸው፣ ጉንጫቸው ሁልጊዜ ያበራል።

«ምነው፣ ጢም አበቀልሽ እንዴ?» አሉና እስኪበቃቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ይዤው በሄድኩት ሳሙናና ብሩሽ አሳዩኝ። ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ መጭመቅ ነው። ከዚያ ሳሙናው ላይ ብዙ ማሸት፣ ውሃውን ግን በጠብታ መጨመር። «እናንተ ሴቶች ልብስ የምታጥቡ ይመስላችኋል፤ ትልልቁ አረፋ ባዶ ነው፣ ቶሎ ይፈነዳል። ዓይን የማይለየው ደቃቅ እስኪሆን፣ እንደ እርጎ እስኪረጋ ምቺው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።» እሳቸው ጣሳ ላይ የሠሩት አረፋ እኔ ጨዋታ ጨርሼ እስክነሳ ድረስ ንቅንቅ አላለም። በዓይኔ አየሁት!

እቤት ሄጄ እንዳሉኝ አደረግሁ። በጠብታ ጨመርኩ፣ ክንዴ እስኪዝል መታሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ቅርፍት የመሰለ ነጭ ነገር ሰፈፈና ጠፋ። ጣሳውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ያው ሳሙና፣ ያው ብሩሽ፣ ያው አመታት፤ እዚያ ቆሞ እዚህ የሚሞተው ምን ሆኖ ነው?

መልሱ በዝናብ መጣ። አማቴ እጄን ያበረታልኛል ብለው፣ ልጃቸው ከሄደ ወዲህ ለመታጠቢያም ለመላጫም የሚያስመጡት የሆራ ውሃ ነበር። ሆራ ከብት የሚነዳበት ጨዋማ ምንጭ ነው፤ የጠጣ ከብት ይወፍራል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። «ከብትን ያበረታ ሰውን ይጎዳል?» ይላሉ። እኔም አምኜ፣ ምርጡን ውሃ ነው የምሰጣቸው ብዬ እኮራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ወንዙ ሞልቶ ውሃ የሚያመጣው ሰው ቀረ። እንስራው ባዶ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ቀድቼ አሞቅሁ።

ወይ ጉድ! ብሩሹ ገና ሁለት ዙር ሳይዞር አረፋው ተነሳ። ጣቴን ሰደድኩበት፤ የጣቴ ጉድጓድ እንደ ተከፈተ ቀረ። እንጨት ፈልጬ ተመለስኩ፤ ጉድጓዱ አለ። ውሃው ነው! ያ የኮራሁበት ውሃ ነው ሳሙናውን ሲገድል የከረመው። ብቻዬን እልል ልል ነበር።

ታዲያ እንዴት ልንገራቸው? ምራት የአማቷን ቃል «ልክ አይደለም» አትልም። ዋሸሁ። ጣሳውን እንደ ወትሮው በርጩማው ላይ አስቀምጬ፣ «አባባ፣ የሆራው ውሃ ደርሷል» ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ምላጩ ሲፋቅ ይሰማኛል፤ ያቆማል፤ ያርፋሉ፤ ደግሞ ይፋቃል። ከወትሮው ረዘመ። 

«ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አቤት አባባ።» «አረፋው ከንፈሬ ላይ ገባ። የዛሬው ውሃ ጨው የለውም።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። «የዝናብ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ሁለቱም ጉንጬ አልቋል፤ ደምም የለም» አሉ። «ከአገጬ በታች ግን እጄ እምቢ አለኝ። ነይ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ…»

«ለጉውን እኔ አውቀዋለሁ። ነይ።»

ገባሁ። በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። አገጫቸው ላይ የባሌ ዓይነት ስርጉድ አለ፤ ከዚያ በታች ነጭ አረፋ እንዳለ ተቀምጧል። ምላጩን ዘረጉልኝ። ያን ሁሉ አረፋ በመታው እጄ ተቀበልኳቸው።

አንገታቸውን ቀና አድርገው ጉሮሯቸውን ሰጡኝና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አትቸኩይ» አሉኝ፤ «አረፋው ይጠብቅሻል። ነገ እሑድ ነው።»