ገደፋው የተቀመጠ ዕለት

ባሌ ገደፋው መቀመጥ አያውቅም። ቡሬ ላይ ጋሪ ሲነዳ ነው የኖረው፤ ጋሪው ላይም ቢሆን እንደ ሰው አይቀመጥም። ዳገት ሲመጣ ወደ ፈረሱ ይጠጋል፣ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ወደ ሌላው ጎን ይዘላል። ይህ አመሉ ቤትም ተከትሎት ይገባል። እራት ቀርቦ እንኳ አንዴ ይጎርስና ፈረሱን ሊያይ ይነሣል። «ምን ነው አንተዬ፣ መቀመጫህ እሾህ አለበት?» እለዋለሁ። ስቆ ይወጣል። እኔ ደግሞ ሰው ሲንቆራጠጥ ማየት ያመኛል፤ ስንት ዘመን እንደተነጫነጭሁበት እግዜር ይወቀው።

አምና ሐምሌ ላይ ልጃችንን ሕሊናን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። ያገባችው ገጠር ስለሆነ እኔ ላርሳት ቀደም ብዬ ሄጄ እዚያው ነበርሁ። በማለዳ የጀመራት ምጥ ረፋድ ላይ ደም አመጣ። ጤና ኬላ ያለችው ልጅ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ። «አሁኑኑ ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም» አለች። አምቡላንስ ቢጠራ ጭቃው አላስገባው ብሎ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ባጃጅማ በሐምሌ ያንን መንገድ አይሞክረውም። ባሏ አለበል አምቡላንሱ እንዳይመለስ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። ገደፋው ተደውሎለት ዳማ ፈረሱን እያጣደፈ ከነጋሪው መጣ።

ጋሪው ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት። በእኛ አገር ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን መስደድ ነውር ነው። እኔ በራስጌዋ፣ አማቷ እትዬ ወለተ ኢየሱስ በግርጌዋ፣ ጎረቤት ሴቶችም «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ተንጠላጠሉ። ሁላችንም ከኋላ ነን። ማን ከልጂቱ ይራቅ?

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ጋሪው ወደ ኋላ ተንጋለለ። የፈረሱ ሆድ ላይ የታሰረው ጠፍር ወደ ላይ ሰቅዞ ያዘው፣ የፊት እግሮቹ መሬት ለቀቁ። ሕሊና ጮኸች። ገደፋው ዘሎ የፊቱ እንጨት ላይ ተንጠለጠለና ፈረሱን መሬት አስያዘው።

«ውረዱ!» አላቸው ሴቶቹን። ወረዱ። ለእኔ ደግሞ፣ «ስመኝ፣ ወደ ፊት ነዪ። እንጨቱ ላይ ተቀመጪ» አለኝ።

«አልመጣም! እጄን ይዛኛለች እኮ!»

«ነዪ አልሁሽ!»

«ደግሞ ወንድ ሆነህ ምጥ ልታስተምረኝ ነው?»

እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «ምጡን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ጋሪውን ግን የማውቀው እኔ ነኝ። እሷ መነቃነቅ አትችልም፤ የምንነቃነቅላት እኛ ነን። ሚዛን ቁጭ ብሎ የሚጠበቅ መሰለሽ?»

እጇን ከእጄ ፈልቅቄ ሄድሁ። ጀርባዬን ለልጄ ሰጥቼ፣ የፈረሱን ላብ እያሸተትሁ፣ ድምፅዋን እሰማለሁ እንጂ አላያትም። ስትጮህ እፈራለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ የባሰ። «ሕሊና!» ስላት «ወዬ፣ እማዬ» ትላለች። ቁልቁለት ሲሆን ገደፋው «ወደ ኋላ!» ይለኛል፤ ሄጄ እጇን እይዛለሁ። ሳልጠግባት «ወደ ፊት!» ይላል። እየሰደብሁት እመለሳለሁ። ያን መንገድ ሁሉ እንዲህ ስመላለስ፣ ጋሪው ግን ዳግመኛ አልተንጋለለም።

የመጨረሻው ዳገት ላይ ብጠራት አልመለሰችም። ደግሜ ጠራኋት። ዝም። ወደ እሷ ልዘል ስነሣ ገደፋው ትከሻዬን ይዞ ተጫነኝ።

«ከተነሣሽ ትወድቃለች» አለኝ። እያለቀሰ ነበር።

አስፋልቱ ዳር አለበልና አምቡላንሱ ጠበቁን። ገደፋው ፈረሱን ለአንድ መንገደኛ አደራ ሰጥቶ አብሮን ተሳፈረ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ልጄን በአልጋ እየገፉ አስገቧት፣ በሩም ተዘጋ። አለበል ደም ሊሰጥ ሄደ።

እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ገደፋው ከበሩ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ ይመላለሳል። የጫማው ጭቃ ወለሉን አበላሸው።

«በማርያም ተቀመጥ! ነፍሴን አታውጣት!» አልሁት።

«ከተቀመጥሁ የምትወድቅብኝ ይመስለኛል» አለ።

ተነሣሁና እኔም መመላለስ ጀመርሁ። እሱ ወደ በሩ ሲሄድ እኔ ወደ ግድግዳው፣ እሱ ሲመለስ እኔ ወደ በሩ። ሰው ምን ይለን ይሆን አላልሁም።

ቆይታ ነርሷ ወጣች። «እናትዮዋ ተርፋለች። ሴት ልጅ ነው የወለደችው፤ ልጅቷም ደህና ናት» አለች።

ገደፋው ግድግዳውን ተደግፎ ሸርተት አለና ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ፤ እግሩን ዘርግቶ፣ ጣቱን እንኳ ሳያነቃንቅ።

«ነዪ እንጂ ስመኝ፣ ተቀመጪ» አለኝ።

እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ።