ሌንሱን የሚችል ስታንድ

የካሜራው ስታንድ የኋላ እግር ከመሬት ሲነሳ አየሁ። ልጄ አላየችም፤ ዓይኗ ካሜራው ላይ ተጣብቋል። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለው ሐይቅ አፋፍ ላይ ነን፤ ገደሉ ቁልቁል እስከ ውኃው ነው። ማዶ ዛፍ ላይ ያለ ጉሬዛ ልታነሳ ነው የመጣችው። ሌንሱ እንደ ክንድ የረዘመ፣ ዳንግላ ካለ ፎቶ ቤት በውሰት የመጣ ነው። ስታንዱ ግን ሰርግ የምትቀርጽበት ሚጢጢ ነገር። ሌንሱ በራሱ ጊዜ ወደ ገደሉ አዘነበለ። የካሜራው ማንገቻ ደግሞ አንገቷ ላይ ነው! ከሄደ ይዟት ነው የሚሄድ።

በአዊኛ ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ቀሚሷን ከኋላ ጨምድጄ ሳብኩ። እኔም እሷም ሌንሱም ሣሩ ላይ ተዘረጋን።

«እማ፣ ጉሬዛው ሄደብኝ እኮ!» አለች።

«አንቺስ የት ልትሄጂ ነበር?» አልኳት፣ ቀሚሷን ሳልለቅ።

ይሄን ሥራ ተይው ብላት «እንጀራዬ ነው» አለች። እንግዲያው ስታንዱን አብረን እንመርጣለን ብዬ ዳንግላ ፎቶ ቤቱ ድረስ ተከትያት ሄድኩ።

እኔ ቀለል ያለውን አነሳሁ፤ ሸክም ከበዛባት ገደል ላይ ትደናቀፋለች ብዬ። ባለ ፎቶ ቤቱ ሳቀ።

«እትዬ፣ እሱ ለስልክ ነው። ይልቅ ይሄን ይሞክሩት» ብሎ እግሩ ወፍራም፣ አናቱ ሌንሱን እንደ ዥዋዥዌ የሚያንጠለጥል አወጣ። እኔ ያነሳሁት አናቱ እንደ ኳስ የሚዞር ነው፤ ትንሽ ሲላላ ረጅም ሌንስ ይደፋበታል አለኝ። ይሄኛው ክብደቱን መሃል ላይ ይይዘዋል። አላመንኩትም። ሌንሱን ራሴ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋሁና ለቀቅኩት። ባለበት ቀረ።

«ይከብዳል እኮ እማ።»

«እኔ እሸከመዋለሁ።»

«አንቺ ከመጣሽማ ጉሬዛው ጩኸትሽን ሰምቶ ቻግኒ ይገባል!»

ባለ ፎቶ ቤቱ ሳይቀር ሳቀብኝ። ይሳቁ።

በማግስቱ አዲሱን ስታንድ ተሸክሜ ወደ ሐይቁ ወጣሁ። ልጄ ከአፋፉ ራቅ ብላ ተከለችው፤ እግሮቹን አራርቃ፣ በቁልቁለቱ በኩል ያለውን አስረዝማ። ማንገቻውን ከአንገቷ አወለቀች። ነፋስ መጣ፤ ሌንሱ ንቅንቅ አላለም። ጉሬዛው ሲዘል በጣቷ ገፋ እያደረገች ተከተለችው። ኋላ ሁለት እጇን ለቃ ሻርፗን ስታስተካክል ቀሚሷን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ሌንሱ እንደቆመ ነው። ያን ጊዜ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ስንጠብቅ ሳላስበው አንድ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ምን አልሽ እማ?»

«ደህና ነን ነው ያልኩ። ከገደሉ ወጥተናል፣ ደህና ነን።»