ጥላ ይሉኝታ አለው

ፎቶ አንሺው ስለ ብርሃን ሲናገር ሰባኪ ነበር የሚመስለው። መሃል ከተማ በነበረችው ጠባብ ስቱዲዮው ውስጥ ደንበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ መብራቱን ከወዲያ ወዲህ እየገፋ፣ "ሁሉን የሚያሳይ ብርሃን ባለጌ ነው፤ ጥላ ግን ይሉኝታ አለው" ይላል። ሁለቱም ጆሮ ካልታየ ተቀባይነት የሌለውን የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ "ጆሮ ቆጠራ" ነበር የሚለው፤ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እንጀራ የሚበላው ግን በዚያው በጆሮ ቆጠራ ነበር።

እኔ ልጅ ሳለሁ የፈላ ውሃ ተደፍቶብኝ ቀኝ ጉንጬ ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ ተጨማድዷል። አዋሳ የሚያውቀኝ ሁሉ ከነጠባሳዬ ስለሚያውቀኝ፣ እኔም ሰዉም ለምደነው ነበር።

መንግሥት እርሻ የሚሠራ አጎቴ አብሮት ላለ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ እኔ አወራለት። ሰውየው ሚስት ይፈልጋል፤ ፎቶዋን ላኩልኝና ልያት አለ። አጎቴ ስለ ጉንጬ ትንፍሽ አላለም። እናቴ ወሬው እንደደረሳት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ስቱዲዮው ይዛኝ ሄደች። መንገድ ላይ፣ "ጠባሳው ይታይ እማዬ፤ ከመጣ በኋላ ከሚደነግጥ አሁኑኑ ይወቀው" አልኳት።

"አንቺ ብቻ ዝም በይልኝ" አለችኝ።

ፎቶ አንሺው የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት በሚሸት ጣቱ አገጬን ይዞ ወደ ቀኝ አዞረኝ። አንዱን መጋረጃ ዘጋ፤ መብራቱን በግራዬ አቆመ።

"ጋሼ፣ ፊት ለፊት ያንሱኝ።"

"ለመታወቂያ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው አትነቃነቂ። ምስል መሥራት ማለት መምረጥ ነው። ያለውን ሁሉ መመዝገብ የኔ ሥራ አይደለም።"

ጥላው ብቻ አልበቃውም፤ ኋላ በተቀረጸ እርሳስ ጠባሳዬን ፊልሙ ላይ ነካ ነካ አደረገው። እውነቱን ልናገር፣ ፎቶው ሲታጠብ ጉድ ነበር። አንገቴ ረዝሟል፣ ዓይኔ ውስጥ ብርሃን አለ፣ ቀኝ ጉንጬ ደግሞ ጭራሽ የለም። ተናደድኩ። ተናድጄም ደጋግሜ አየሁት።

አንዱ ለሰውየው ተላከ። ሌላውን ፎቶ አንሺው አሳድጎ አጠበና መስኮቱ ላይ፣ ከሊቀመንበሩ ምስል ሥር ሰቀለው። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ሁለት ሴቶች መስኮቱ ፊት ቆመው የማን ልጅ ትሆን ይህች ቆንጆ እያሉ ይከራከራሉ። አንደኛዋ መንገድ የዘጋችብኝ መስሏት፣ "ይቅርታ እህቴ፣ እለፊ" አለችኝ። አለፍኩ። በነጋታው ተመልሼ እንዲያወርደው ለመንኩት።

"ምን አገባሽ?" አለኝ፤ የምሩን ነው። "እሱ እኮ የኔ ሥራ ነው። ፊት ማንም አለው።"

አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ለሽበቱ ስል ዋጥኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሰውየው ክረምቱ ሲወጣ መጣ። ንጹሕ ካኪ ለብሷል፤ ከቀበሌ ከጠፋ የሰነበተውን ስኳርም ይዞልን ነበር። እናቴ የግራ ጉንጬ ወደሱ እንዲሆን መስኮቱ ዳር አንድ ወንበር አዘጋጅታልኝ ነበር። እኔ ግን ሻዩን አቀረብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ይምጣ የመጣው ብዬ ነው። ደግሞም አንድ ነገር ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አይቶኝ እንደ አዋሳ ሰው ይለምደኛል ብዬ።

አየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱን አላጨማደደም፣ አንድም ቅር የሚያሰኝ ቃል አልተናገረም። ስኒውን እያየ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ መንገዱ አወራ። እናቴ ሁለተኛ ሻይ ብትለው መኪና እንዳያመልጠኝ አለ። ብድግ ሲል ከደረት ኪሱ ፎቶዬን አወጣ። የሚመልስልን መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

እሱ ግን ወደ እናቴ ዞረ። "ባልመልሳት ቅር ይልዎታል?" አላት፤ አፍሮ ነበር። "ክፍሌ ውስጥ ለምጃታለሁ።"

እናቴ ወደኔ ቀና ብላ አላየችም። "ኧረ ምን ገዶኝ፣ ይያዟት" አለችው።

ፎቶዋን መልሶ ኪሱ ከተታት። እኔም ሁለቱንም እስከ በር ድረስ ሸኘኋቸው።